ግቢ ውስጥ ያለን ዛፍ መቁረጥ፦ ወሎ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ኩታበር ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ናቸው፤ ቀላሉ ከላይ፣ አስቸጋሪው ከታች።

በገዛ ግቢዬ የቆመን ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

እንደ ዛፉ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ የመሳሰለውን ራስዎ ተክለው ያሳደጉት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅዎት የለም። ትልቅ የአገር በቀል ዛፍ ከሆነ ግን መጥረቢያ ከማንሳትዎ በፊት ቀበሌ ብቅ ይበሉ። በተለይ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ወይም ወይራ ከሆነ ሳይጠይቁ እንዳይነኩት።

ብዙውን ሰው የሚያሳስተው "ግቢው የኔ ነው፣ ካርታም አለኝ" የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ለእርስዎ የተሰጠዎት የመጠቀም መብቱ ነው። በላዩ ላይ በጉልበትዎ ወይም በገንዘብዎ ያፈሩት ንብረት ደግሞ የራስዎ ነው። ስለዚህ ተክለው ላሳደጉት ዛፍ ጥሩ መከራከሪያ አለዎት። ሠፈሩ ሠፈር ሳይባል በፊት ለነበረ ጽድ ግን ይኼ መከራከሪያ አይሠራም።

ጥብቅ የሚባሉት ዛፎች የትኞቹ ናቸው?

አራቱን በቃል ይያዙ፦ የሀበሻ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ። እነዚህን በስማቸው ጠርቶ ከመቆረጥ የጠበቃቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ነው። ያ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። እሱም በተራው በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። ሕጉ ሁለት ጊዜ ቢለዋወጥም አራቱ ስሞች ከባለሙያው አፍ አልወጡም። ማመልከቻዎን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት "ከአራቱ ነው ወይስ ሌላ?" ብሎ ነው።

ከአራቱ ውጭ ያሉት እንደ ልብ ይቆረጣሉ ማለት አይደለም። ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋርካና ሾላ በብዙ ቀበሌ እንደ ጥብቅ ነው የሚታዩት። ጥቁር እንጨት እንዲያውም ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው፤ ልጡ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ብዙ አገር ላይ ተመናምኗል። ኮሶ ደጋ ስለሚወድ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ሰው ግቢው ውስጥ እምብዛም አያገኘውም። ዋንዛ ግን እንደ ሐይቅና መርሳ ባሉ ወይና ደጋ ቦታዎች ግቢ ለግቢ ይታያል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳውም በጽድና በዋንዛ ነው።

የሀበሻ ጽድንና የፈረንጅ ጽድን እንዴት እለያለሁ?

ይኼ ጥያቄ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጠብ ያድናል። የፈረንጅ ጽድ ለአጥርና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ የመጣ ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥ የሚያስጨንቀውም ያነሰ ነው። የሀበሻ ጽድ ግን ከአራቱ አንዱ ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ።

ፍሬውን ይመልከቱ። የሀበሻ ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚሄድ ነው፤ መጠኑ ከአተር ብዙም አይበልጥም። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ በየቦታው ተሰንጥቆ ይከፈታል። ዛፉ ሥር ጎንበስ ብለው መሬቱን ቢያዩ የተከፈቱት ፍሬዎች ወድቀው ያገኟቸዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሀበሻ ጽድ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጨርሶ ፍሬ የማይታይበት ትልቅ ጽድ ቢያጋጥምዎ "ፍሬ የለውም፣ እንግዲህ የፈረንጅ ነው" ብለው አይወስኑ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ያደገ የፈረንጅ ጽድ ያንን ጠንካራ ፍሬ ሳይዝ አይገኝም ማለት ይቻላል። ከተጠራጠሩ አንድ ቅርንጫፍ ይዘው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

ባሕር ዛፌንስ?

የራስዎ ከሆነ ይቁረጡት። ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ይደርሳል። ወደ ገበያ የሚያወጡት ከሆነ ግን "ከራሱ ይዞታ የቆረጠው ነው" የሚል ወረቀት ከቀበሌ ይያዙ። መንገድ ላይ የሚያስቆምዎ ሰው ዛፉን ሲተክሉ አላየም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ምን ይዤ ልሂድ?

መነሻው ሁልጊዜ ቀበሌ ነው። ከዚያ በኋላ ገጠር ከሆኑ ጉዳዩ ወደ ወረዳው ግብርና ወይም አካባቢና ደን ጥበቃ ይሄዳል። ከተማ ከሆኑ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ውስጥ አረንጓዴ ልማትና ውበትን የያዘው ክፍል ይገባበታል። የቢሮዎቹ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በስም ከመፈለግ "ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚሰጠው የት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

ይዘው የሚሄዱት መታወቂያ፣ ካርታ ወይም የገጠር የይዞታ ደብተር፣ አጭር ማመልከቻና የዛፉን ፎቶ ነው። ፎቶው ባይጠየቅም ያንሱት። አንዱን ከሩቅ ቤቱ እንዲታይ አድርገው፣ አንዱን ከቅርብ ግንዱን፣ አንዱን ደግሞ ችግር አለበት የሚሉትን ቦታ። ማመልከቻው ላይ ምክንያቱን በግልጽ ይጻፉ። "ያስቸግረኛል" ብቻ ከሆነ ማንም አይነሳልዎትም። "ግንዱ ውስጡ ተቦርቡሮ ወደ መኝታ ቤቱ አዘንብሏል" ሲሉ ግን ባለሙያው መጥቶ የሚያየው ነገር ያገኛል።

ባለሙያ ሳያይ የሚሰጥ ፈቃድ ይጠራጠሩ። የሚሰጥዎት ወረቀት የዛፉን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ ምክንያቱንና እስከ መቼ እንደሚሠራ የያዘ ይሁን፤ ማኅተምም ይኑረው። ብዛቱ በአኃዝ ብቻ ሳይሆን በፊደልም ይጻፍ። "1" የነበረው "11" ሆኖ የተገኘ ቀን የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። የሚከፈል ነገር አለ ከተባሉ ያለ ደረሰኝ አንድ ብርም አይክፈሉ።

ቅርንጫፍ ለመቁረጥም ፈቃድ ይጠየቃል?

ለትንሽ ቅርንጫፍ ማንም አያስቸግርዎትም። ጣራ የሚነካ፣ ሽቦ ላይ የተኛ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ ማንሳት ዛፉን መንከባከብ ነው። ጥብቅ ከሚባሉት ከሆነና ትልልቁን ክንድ የሚያነሱ ከሆነ ግን ለቀበሌው ቀድመው ይንገሩ። ጫፉን ቆርጦ መላጣ ማድረግ ከመግደል ብዙም አይለይም፤ ባለሙያውም እንደዚያው ነው የሚቆጥረው።

እኔን ቢጠይቁኝ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚሮጠው ሰው ግማሽ ያህሉ ችግሩ በቅርንጫፍ የሚፈታ ነው። ጥላው በዛ፣ ቅጠሉ አሸንዳውን ደፈነው፣ ወፉ አስቸገረ የሚለው ሁሉ በሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ያልቃል። ጊዜው በጋ ይሁን። ወሎ በልግም ስላለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ቁስሉ ሳይረጥብ ይደርቃል። ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር ልጥፍ አድርገው አይቁረጡት፤ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ያበጠውን አንገት ይተዉለት። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ ነው።

የምኖረው በኪራይ ወይም በቀበሌ ቤት ነው። ዛፉን መቁረጥ እችላለሁ?

አይችሉም። የግል ቤት ከሆነ ዛፉ የአከራይዎ ነው፤ ቢያንስ በጽሑፍ ይስማማልዎ፣ ማመልከቻውንም እሱ ያስገባ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ዛፉም እንደ ቤቱ የመንግሥት ነው። አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለው ትልቅ ዛፍም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ሃምሳ ዓመት ኖረውበት ቢሆንም "እኔ ነኝ ያሳደግኩት" ማለት እዚህ አያዋጣም። ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ያመልክቱ።

ዛፉ ሊወድቅብኝ ነው። ፈቃድ እስኪመጣ ልጠብቅ?

ይኼ የአደጋው ደረጃ ይወስነዋል። ዛፉ ዘንበል ካለ፣ ሥሩ ባንድ በኩል አፈሩን እያነሳ ከሆነ ወይም ግንዱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ ዛሬውኑ ቀበሌ ይሂዱ። ሁለት ጎረቤት ምስክር ይዘው፣ ፎቶ ይዘው። ማመልከቻው ላይ "አስቸኳይ" ብለው ይጻፉና ቀኑንና ሰዓቱን ያስፍሩ። ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርምልዎ። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ማሳወቅዎን የሚያስረዳልዎት ያ ፊርማ ነው። እስከዚያው ልጆቹን በዚያ በኩል ካለው ክፍል ያውጡ።

ዛፉ ወድቆ ቤት ላይ ከተኛ ደግሞ ሰው ለማዳን የሚያስፈልገውን ያህል ይቁረጡ፤ የሚከለክልዎት የለም። ግንዱን ግን ባለሙያ እስኪያየው ከወደቀበት አያንቀሳቅሱት። በዚያው ቀን ተቆራርጦ ከተጫነ "ወደቀ" የሚለውን የሚያምንዎት አያገኙም።

የመብራት ሽቦ ከነካ ወይም ሊነካ ከቀረበ ራስዎም አይውጡበት፣ የቀን ሠራተኛም አያሰማሩ። ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ፤ በአካልም ሄደው ያመልክቱ። መስመሩ ሳይቋረጥ በእርጥብ ቅርንጫፍ ላይ ቆንጨራ ማሳረፍ ሞት ነው። ሽቦው አጠገብ ያለውን ማጽዳት የእነሱ ሥራ ነው፤ ዛፉን ሙሉ በሙሉ ለማንሳት ግን አሁንም የቀበሌው ወረቀት ያስፈልግዎታል።

ሥሩ የቤቴን መሠረት እየሰነጠቀ ነው። ይኼ በቂ ምክንያት ነው?

ከተረጋገጠ አዎ። ግን ስንጥቅ ሁሉ ከሥር አይመጣም። ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ዛፍ በሌለበትም ይሰነጠቃል። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል። ባለሙያው ሲመጣ ከስንጥቁ አጠገብ ጎድጎድ አድርገው ቆፍረው ሥሩን ያሳዩት። ሥር ካልተገኘ ዛፉ ጥፋተኛ አይደለም።

ከተገኘም መፍትሔው ሁልጊዜ መቁረጥ አይደለም። በቤቱና በዛፉ መካከል ቦይ ቆፍሮ ወደ ቤቱ የሚመጣውን ሥር መቁረጥና ቦዩን በድንጋይና በሲሚንቶ መዝጋት ይቻላል። ይኼ ግን ከግንዱ ራቅ ተብሎ፣ ባንድ በኩል ብቻ ነው። በሁለት በሦስት በኩል የተቆረጠ ዛፍ ሐምሌ ላይ አፈሩ ሲርስ ይገነደሳል።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ ነው፤ መሬቱም መንሸራተት ያውቃል። ዳገት ላይ የቆመ ትልቅ ዛፍ ከላይ ሲታይ ያስፈራል፤ ከታች ግን አፈሩን የያዘው እሱ ነው። ሲቆረጥ ወዲያው ምንም አይታይም። ሥሩ መሬት ውስጥ በስብሶ ሲያልቅ ነው ከዓመታት በኋላ አፈሩ መንቀሳቀስ የሚጀምረው፤ ያኔ ማንም ከዛፉ ጋር አያገናኘውም። ስለዚህ ዳገት ላይ ከሆኑ ፈቃድ ቢያገኙም ጉቶውን ነቅለው አያውጡ። ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቁረጡት፣ ሥሩ እንዳለ ይቆይ፣ አጠገቡም በዚያው ክረምት ሌላ ይትከሉ። ከበታችዎ ቤት ካለ ለጎረቤትዎ ሳይነግሩ ጨርሶ አይጀምሩ።

የጎረቤቴ ዛፍ ወደ ግቢዬ ገብቷል። የኔን ድርሻ ልቁረጠው?

መጀመሪያ ያናግሩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክም ሆነ መጉዳት እንደሌለበት ይናገራል። ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው ማለት ነው። ግን ሕጉን ይዘው ሌሊት አጥር ላይ ቢወጡ ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ። በተለይ ዛፉ ጥብቅ ከሆነና ቅርንጫፉን አንስተው ዛፉ ከደረቀ ሁለት ክስ ይጠብቅዎታል፤ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከቀበሌ።

ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ይላኩ። ገጠር ከሆነ አባጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ አለ፤ ከዚህ የከበደም ዳኝቶ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ አጥሩ ላይ ቆመው ሲያዩት "ከዚህ እስከዚህ ይነሳ፣ ወጪው የጋራ ይሁን፣ እንጨቱ ለባለቤቱ" ብለው ይጨርሱታል። ስምምነቱን በወረቀት አስፍራችሁ ፈርሙ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፤ ሲያልቅም ጎረቤትነቱ አብሮ ያልቃል።

ዛፉ ደርቋል። የደረቀንም ማስፈቀድ አለብኝ?

አለብዎት፤ ግን ይኼኛው ቀላል ነው። ባለሙያው አይቶ "ደርቋል" ብሎ ይጽፍልዎታል።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። አንዳንዱ ሰው ፈቃድ ሲከለከል የግንዱን ልጥ ዙሪያውን ገሽልጦ ዛፉ "በራሱ" እስኪደርቅ ይጠብቃል። ሌላው ሥሩ ላይ እሳት ያነዳል፤ አለዚያም ናፍጣ ያፈሳል። ይኼን ዘዴ የማያውቅ የደን ባለሙያ የለም። በዕድሜ የደረቀ ዛፍ ከላይ ከጫፉ ነው የሚጀምረው፣ ቀስ እያለም ይወርዳል። ሰው ያደረቀው ከነቅጠሉ በአንድ ወቅት ይጠወልጋል፣ ግንዱም ላይ ቀለበቱ ይታያል። ያንን ካዩ በኋላ ጉዳዩ የፈቃድ መሆኑ ያበቃል፤ የወንጀል ነው።

ግቢዬ ውስጥ ያለው ዋርካ የአካባቢው አድባር ነው። ግቢው የኔ ከሆነ ማን ያገባዋል?

ሁሉም ያገባዋል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ዛፍ ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ይደረጋል፣ ስለት ይገባል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብረው ዛፍ አለ። አጥር ሲታጠር፣ ካርታ ሲወጣ ወደ ውስጥ የገባ እንጂ መጀመሪያ የእርስዎ ግቢ ዛፍ አልነበረም። ባለሙያው ቢፈቅድልዎትም ሠፈሩ ካልፈቀደ ወረቀቱ አያድንዎትም። ለለቅሶም ለሠርግም የሚመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ከምር የሚያስፈራ ከሆነ፣ ክንዱ ቤትዎ ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ ትልልቅ ሰዎችን ይጥሩና ያሳዩአቸው። ቡና አፍልተው፣ ረጋ ብለው። "ይቆረጥ" ብለው ሳይሆን "ምን ይሻላል?" ብለው ይጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልስ ያ አንዱ ክንድ ይነሳ፣ ግንዱ ይቆይ የሚል ነው። ለነገሩ የዋርካ እንጨት ለጣውላም ለቋሚም የሚረባ አይደለም። ቆርጦ የሚተርፍ ነገር የለም።

ፈቃድ አግኝቼ ዋንዛዬን ቆረጥኩ። ጣውላውን መሸጥ እችላለሁ?

የመቁረጫ ፈቃድና የማጓጓዣ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ቆርጦ ቤቱ በር ማሠራት ወይም ለራሱ ማገዶ ማድረግ አንድ ነገር ነው። መኪና ላይ ጭኖ ከመርሳ ወደ ወልድያ፣ ወይም ከሐይቅ ወደ ደሴ ማውጣት ሌላ ነው። ኬላ ላይ የሚጠየቀው የመጫኛው ወረቀት ነው፤ ከሌለ ጭነቱ ይወረሳል፣ አሽከርካሪውም አብሮ ይጠየቃል።

ስለዚህ ማመልከቻውን ሲያስገቡ ጀምረው እንጨቱን ምን እንደሚያደርጉበት ይጻፉ። ዋንዛ ውድ ስለሆነ ደላላ ዛፉ ሳይወድቅ በር ላይ ይመጣል፤ "ወረቀቱን ለኔ ተወው" ይላል። አይተዉለት። በእርስዎ ስም የወጣች አንዲት ፈቃድ የሌላ ሰው ብዙ ዛፍ ስትሸፍን ትውላለች።

"አንድ ብትቆርጥ አሥር ትከል" ተባልኩ። ይኼ ግዴታ ነው?

ፈቃዱ ላይ ከተጻፈ አዎ፣ ግዴታዎ ነው። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሚሻለው አሥር ተክሎ አሥሩን ከማድረቅ ሦስት ተክሎ ሦስቱንም ማሳደግ ነው፤ ይኼን ፊት ለፊት ለባለሙያው ነግረው መስማማት ይችላሉ። የቆረጡት የሀበሻ ጽድ ከሆነ ከጉቶው አያቆጠቁጥምና የግድ በችግኝ ነው። ወይራ ግን ጉቶው ካልተነቀለና ፍየል ካልደረሰበት መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግኙን ዝናቡ ከያዘ በኋላ ሐምሌ ላይ ይትከሉት። ዋናው ፈተና በጋው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ውኃና አጥር ይፈልጋል። ከተከሉ በኋላ ፎቶ አንስተው ከፈቃዱ ጋር ያስቀምጡ።

መንገድ ሊያልፍ ግቢዬ ሊነሳ ነው። ለዛፎቹ ካሳ አለ? ቀድሜስ ልቁረጣቸው?

ካሳ አለ። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲነሳ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት ካሳ እንዲከፈል ያዛል፤ ዛፍና ቋሚ ተክልም በዚያ ውስጥ ነው። ገማቾቹ ሲመጡ ራስዎ ይገኙ። እያንዳንዱ ዛፍ በዓይነቱና በዕድገቱ ይቆጠር። "ልዩ ልዩ ዛፍ" ተብሎ በጅምላ ከተጻፈ አይፈርሙ፤ የሃያ ዓመት ጽድና የአምና ችግኝ እኩል የሚሆኑት እዚያ ላይ ነው።

ከመቆጠሩ በፊት አይቁረጡ። የሌለ ዛፍ አይገመትም። በግምቱ ካልተስማሙ ትዕዛዙ በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላሉ። ቀኑ ካለፈ ጥሩ ክርክር ይዘውም ሰሚ ያጣሉ።

ሳላውቅ ቆርጬዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

እንጨቱን አይሽጡ፣ አይደብቁ፣ ጉቶውን አይቅበሩ። ራስዎ ቀበሌ ሄደው ይናገሩ። ጎረቤት ከጠቆመ በኋላ መሄድና ሳይጠቆም መሄድ ሰማይና ምድር ናቸው። የደን ሕጉ እስራትም የገንዘብ ቅጣትም አለው፣ እንጨቱም ይወረሳል። ቢሆንም በራሱ የቀረበ፣ ያልሸጠና ሊተካ ዝግጁ የሆነ ሰው ጉዳዩ ቀለል ብሎ ይታያል። ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት ግን ያንብቡት፤ ዓይነቱና ብዛቱ ከቆረጡት ጋር ይመሳከር። ነገሩ ወደ ፖሊስ ካለፈ ጠበቃ ያማክሩ።

ቤቱን ሲገዙ ጉቶው ቀድሞ የነበረ ከሆነ ደግሞ በግዥው ወቅት ያነሷቸውን ፎቶዎች ይፈልጉ። ቤት የሚገዛ ሰው ግቢውንም ፎቶ ያንሳ፤ ማንም አያደርገውም እንጂ።

አንድ ዛፍ ደን አይደለም። ታዲያ የደን ሕግ ግቢዬ ምን አገባው?

ጎበዝ ተከራካሪ የሚያነሳት ጥያቄ ናት፤ ግማሽ እውነትም አላት። በአገራችን ደን ለመባል መሬቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር መሆን፣ ዛፎቹ ቢያንስ 2 ሜትር መድረስና ጥላቸው ከመሬቱ 20 በመቶውን መሸፈን አለበት። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። የደሴ ግቢ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። አዋጅ 1065 ደኖችን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ሲከፍል የእርስዎን ሦስት ጽድ እያሰበ አልነበረም።

ግን ክርክሩ እዚህ ይቆማል። ግቢዎ ደን ባይሆንም እንጨቱ ከግቢ ከወጣ በኋላ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ኬላ ላይ ያለው ሰው የሚያየው ዋንዛ ነው፤ ከየጎፍ ደን ይሁን ከእርስዎ ጓሮ አያውቅም። ፈቃዱ የሚጠየቀው በአብዛኛው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ስለ አረንጓዴ ቦታና ስለ ነዋሪው ደኅንነት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያ ከደን አዋጁ አይመነጭም። "ደን አይደለም" ብለው እዚያ ቢሄዱ "አዎ አይደለም፣ ፈቃድ ግን ያምጡ" ነው የሚሉዎት።

ከሁሉም የሚጠቅመው ክርክር ሌላ ነው። ፈቃድ ከተከለከሉ እምቢታውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ምክንያቱ፣ ቀኑና የወሰነው ሰው ኃላፊነት ይጻፍበት። በቃል "አይቻልም" የተባለን ነገር ይግባኝ ማለት አይቻልም። በጽሑፍ ከሆነ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ቅሬታ ሰሚው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጻፍልኝ ሲባል ያ "አይቻልም" ያለው ሰው ራሱ "ቆይ እስኪ ባለሙያ ይየው" ይላል።